ስምንተኛው ክፍለ ጊዜ

በውሃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ስድስት ሰዎች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቀኑን ሙሉ ሲሰደቡ ይውላሉ። ሥራው ይኸው ነው። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ሰው ይደውላል፣ አፉ እንዳመጣለት ይናገራል፣ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይዘጋል። ከአሥራ ስድስቱ አንዷ የማስተርስ ትምህርቷን በኦንላይን ትከታተላለች። ትምህርቱ ሳይኮሎጂ ስለሆነ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ከተረሳ ቆይቷል፤ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «ሳይኮ» እያሉ ነው የሚጠሯት። መጀመሪያ ሰሞን ፊቷን ታጠቁር ነበር። በኋላ ግን ራሷም ከሌላ ክፍል ሲደወልላት «አቤት፣ ሳይኮ ነኝ» ማለት ጀመረችና ተገላገለች።

ቤት ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እናቷ «ልጄ የጭንቅላት ሐኪም ልትሆን ነው» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

«እማዬ፣ ሐኪም አይደለም። አማካሪ ነው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። እኔ መድኃኒት አላዝም።»

«አትዘዢ። አንቺ ብቻ ጨርሺ፤ ማዘዙ አያቅትሽም።»

ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሳይኮ ከታናሽ እህቷ ጋር በምትጋራው መኝታ ክፍል ውስጥ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛውን ትዘረጋና ላፕቶፑን እሱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቁመቱ ልክ ነው። ጀርባዋን ለቁም ሳጥኑ ትሰጣለች። ካሜራው የሚያሳየው እሷንና አንድ የቁም ሳጥን በር ብቻ ነው። እህቷ ጫማ ወይም ቦርሳ ከፈለገች ከካሜራው በታች በእጅና በእግሯ እየዳኸች ትገባለች፣ እየዳኸች ትወጣለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆም ብላ «ስለ እኔ እንዳታወሪ» ብላ አንሾካሽካለች። ማይኩ ክፍት ነበር። ሠላሳ አራት ተማሪ ሰማ።

ሳይኮ ሰነፍ ተማሪ አልነበረችም። ችግሯ ችኮላ ነው። መጽሐፍ ስታነብ መጨረሻውን ቀድማ ታያለች፤ ሰው ሲያወራት ዓረፍተ ነገሩን እሷ ትጨርስለታለች። ለዚህ ሙያ ይህ ጥሩ ጠባይ አይደለም፤ እሷም ታውቀዋለች። ኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት «መልሰሽ ንገሪው። አትምከሪ። ዝም በይ።» ብላ የለጠፈችውም ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ሴሚስተር ትልቁ ሥራ መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሰው ፈልጎ፣ ፈቃዱን አግኝቶ፣ አሥር ጊዜ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ሪፖርት ይጽፋል። ዘመድ አይፈቀድም፣ ጓደኛ አይፈቀድም። ሌሎቹ ተማሪዎች አስተማሪዎችና ነርሶች ስለነበሩ ሰው ሞልቷቸዋል። ሳይኮ ያላት ደዋይ ብቻ ነው። ከደዋዮቹ ደግሞ ከአራት ደቂቃ በላይ የሚቆይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባ ጠብታ።

አባ ጠብታ ጡረተኛ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ከሳይኮ ቀጥላ የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ እሷም አንዱን ጥሪ በዘጠና ሴኮንድ ስለምትዘጋ «ፈጣን» ትባላለች። ሽማግሌው መጀመሪያ የደወሉት የግቢ ቧንቧቸው እየተንጠባጠበ ነበር። ሠራተኛ ሄዶ ጎማውን ቀየረላቸው፤ ጠብታው ቆመ። እሳቸው ግን በሳምንቱ ደወሉ። «የተሠራው ሥራ እንደጸና መሆኑን ለማሳወቅ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት አሁንም እንደጸና ነበር።

ፈጣን ማይኩን በመዳፏ ሸፍና «አባ ጠብታ ናቸው! ማን ይፈልጋቸዋል? በነፃ ነው!» ትል ነበር። ሁሉም ይስቃል። አንድ ቀን ሳይኮ እጇን አወጣች።

«እውነትሽን ነው?» አለች ፈጣን። «ነገ ሐሳብ ብትቀይሪ መልሼ አልቀበልም።»

ፈቃድ የሚባለውን ነገር ሳይኮ ያሰበችበት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ከመገናኘቱ በፊት የተቀዳች ሴት «ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀዳል» ትላለች። ይህን ሰምቶ ስልኩን ያልዘጋ ሰው ተስማምቷል። ተስማምቷል ማለት ፈቅዷል። ከሁለት ዓመት በላይ በቀን መቶ ጊዜ የሰማችው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ከዚህ የጠነከረ ፈቃድ ሊኖር ይችላል ብላ አልጠረጠረችም። ቅጹ ላይ «የደንበኛው ፈቃድ» ከሚለው ፊት ለፊት «አለ» የሚለውን ምልክት አድርጋ አለፈች። ለጋሼ ምንም አልነገረቻቸውም። ጋሼ ትላቸዋለች፣ ስልክ ላይ። ሪፖርቱ ላይ ግን ስማቸው «አቶ ጠብታ» ሆነ። ሚስጥር ለመጠበቅ።

የተናገረውን ለራሱ መልሶ የመንገሩ ዘዴ ሠራ፤ እሷ ራሷ እስክትደነግጥ ሠራ። «ከባድ ሆኖብዎት ነበር ማለት ነው» ስትላቸው ሰውዬው እንደተከፈተ ቧንቧ ወረዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አንድም ወረቀት ጠፍቶባቸው አያውቅም። ሳያነቡ የፈረሙት ነገር የለም። ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የቀብሩ ዕለት የሞት ምስክር ወረቀቱን ተቀብለው ሲያነቡ ቀኑ ተሳስቷል፤ እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመው ወረቀቱን ካመጣው ጸሐፊ ጋር ተከራከሩ። ሬሳው ሲወርድ እሳቸው እስክሪብቶ ይፈልጉ ነበር። አንዲት ልጃቸው ይህንን አየች። «እናቴን እየቀበርክ ወረቀት ታርማለህ?» አለቻቸው በሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ አታናግራቸውም።

በስድስተኛው ጥሪ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ። እቀመጥና እሞክራለሁ። እንዲያው በሽታ ይሆን እንዴ?»

የሰዓቱ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቀልቷል፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ከጀርባዋ የሱፐርቫይዘሩ ጫማ ይሰማታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሌላ ጥሪ አለብኝ» አለች ሳይኮ።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ቢሮው ጠርቶ የጥሪ ዝርዝሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «እኛ ውሃ ነው የምናድለው ወይስ ሆድ ነው የምናባብለው?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባ ጠብታ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሳይኮ ወደ ፈጣን ታሻግረው ጀመር። አንዲት ቁልፍ መንካት ነው። በጎን በኩል ፈጣን «አዎ አባት፣ መዝግቤያለሁ አባት፣ ደህና ይዋሉ አባት» ስትል ይሰማታል። ዘጠና ሴኮንድ።

አሥር ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እሷ ያላት ስድስት ነው። የቀሩትን አራቱን በሁለት እሑድ ከራሷ አወጣች። ጽሑፍ ድሮም አያቅታትም። ስምንተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አቶ ጠብታ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። አሥራ አንድ ደቂቃ። «ሠልጣኟ አላቋረጠችም፤ በዝምታ አብራቸው ቆየች» ብላ ጻፈች። አሥራ አንድን የመረጠችው አሥር ሲባል የተፈጠረ ይመስላል ብላ ነው። በዚያው ሳምንት እውነተኛው ሰውዬ ሦስት ጊዜ ደውለው ሦስቴም ተሻግረዋል።

ውጤቱ በተነገረበት ቅዳሜ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ካሜራው ጠጋ አሉ። ሽበታም ሴት ናቸው፤ ሰው ማመስገን አይወዱም።

«አንድ ሪፖርት አለ» አሉ። «ስምንተኛ ክፍለ ጊዜውን ላንብብላችሁ።»

አነበቡት። የሳይኮ ጆሮ ጋለ። ቃሉ ሁሉ የራሷ ሆኖ ሳለ የሰው ኪስ ስትበረብር የተያዘች ያህል ተሰማት።

«አሥራ አንድ ደቂቃ!» አሉ መምህርቷ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል እሱን ለመቻል።»

ስክሪኑ በሚያጨበጭቡ ትናንሽ እጆች ተሞላ። እናቷ በሩ ላይ ቆማ እርጥብ እጇን ልብሷ ላይ እያደረቀች ትሰማ ነበር፤ ዓይኗ ሞልቷል። እህቷ ወለሉ ላይ በአራት እግሯ እንደቆመች አውራ ጣቷን አነሳችላት።

«ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ማስተማሪያ ላደርገው ነው» ቀጠሉ መምህርቷ። «ደንበኛው የፈረመበትን ፈቃድ እስከ ዓርብ ድረስ ላኪልኝ።»

«ጥሪው... ጥሪዎቹ ሁሉ ተቀድተዋል፣ መምህር። መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ይነገራቸዋል።»

«መቅዳት ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ። እኔ የምፈልገው ፊርማ ነው። ያለ ፊርማ ይሄ ሥራ ዜሮ ነው፣ ዓመቱንም ያስደግማል። ለነገሩ አንቺን ይሄ አያሳስብሽም» ብለው ፈገግ አሉ። በሦስት ሴሚስተር ውስጥ ፈገግ ሲሉ የታዩት ያን ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሳይኮ ራሷ ደወለችላቸው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ።

«ድምፅሽ ጠፋብኝ እኮ፣ ልጄ!» አሉ። «ሌላዋም ጎበዝ ናት፣ አላማሁም። ቶሎ ትዘጋለች እንጂ።»

ሳይኮ ለትምህርቷ አንድ ወረቀት ላይ እንዲፈርሙላት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ አልጠየቁም። «ፊርማ በስልክ አይሆንም። ረቡዕ እመጣለሁ» አሉ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት መጡ። ምድር ቤት የደንበኞች መቀበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ተራ ጠባቂዎቹ መካከል፣ ከረባት ያሰሩ አንድ ቀጭን ሽማግሌ የካርቶን ፋይል ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሳይኮ ስትቀርብ ተነሡ።

«አንቺ ነሽ? ድምፅሽ ወፍራም ነው፤ እኔ ደልደል ያልሽ እመቤት መስለሽኝ ነበር።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላሉ፣ ጋሼ።»

«በይ አምጪው።»

ቅጹን ሰጠቻቸው፣ እስክሪብቶም ሰጠቻቸው። እስክሪብቶውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው መነጽር አወጡ። ሳይኮ ያኔ ነው የገባት። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሳያነቡ የፈረሙት የለም፤ ራሷ ነበረች ሪፖርቱ ላይ በአድናቆት የጻፈችው።

«‹ከዚህ ጋር ተያይዞ የቀረበውን ሪፖርት አንብቤ› ይላል» አሉ። «ሪፖርቱስ?»

«ረጅም ነው፣ ጋሼ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። አሰልቺ ነው።»

«ጡረተኛ ነኝ። ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ማተሚያው ፊት ቆመች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ላትም ብላ አሰበች። ግን እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ «ገጽ ይህን ያህል ከ22» የሚል ተጽፏል፤ የመዝገብ ቤት ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ታመምኩ ልበል? ስብሰባ ተጠራሁ ልበል? ማተሚያው ሃያ ሁለቱንም ተፋው። እንደሞቁ ይዛቸው ወረደች።

ሽማግሌው ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። ሳይኮ አጠገባቸው ተቀምጣ ተራ ቁጥር ሲጠራ ትሰማለች። ሰባ አራት። ሰባ አምስት። ፈጣን ሳንድዊች ይዛ አለፈች፣ አየቻቸው፣ ቅንድቧን ሰቅላ ወደ ሊፍቱ ሄደች።

«ጠብታ ማነው?» አሉ ሁለተኛው ገጽ ላይ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። የሚስጥር ስም ነው።»

«ጠብታ» አሉ ለራሳቸው። ገጹን ገለበጡ።

አምስተኛው ገጽ ላይ «ደንበኛው ሰው የሚያናግሩት የውሃ ብልሽትን ምክንያት በማድረግ ነው» የሚለው ጋ ጣታቸው ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። ስለ ቀብሩ የሚለውን ሲያነቡ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ተጠራ። የምሳ ሰዓቱ አልቋል። ሳይኮ አልተነሣችም።

ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ደረሱ። አነበቡት። ተመልሰው ከላይ ጀምረው አነበቡት። ከፋይላቸው ውስጥ ቀንና ሰዓት የተደረደረበት የኪስ ማስታወሻ አውጥተው አንድ ገጽ አዩና መልሰው ከተቱት።

«ይሄ መቼ ነው?»

ሽማግሌው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አደረጉ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ አለቀሰ ይላል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ አላለቀስኩም።»

«አዎ።»

«ማልቀስ አቃተኝ ነው ያልኩሽ። አቃተኝ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማነው ያለቀሰው?»

ሳይኮ ነገረቻቸው። አራት ክፍለ ጊዜ እንደጎደላት፣ ከራሷ እንዳወጣችው፣ ያን ጊዜ ስልካቸውን ለሌላ ታሻግር እንደነበር። ስትናገር ዓይኗ የእሳቸው ጫማ ላይ ነበር። ለዚህ ቀን ብለው ያስጠረጉት ጫማ ነው፤ ማሰሪያው አዲስ ነው። ብትሰደብ በወደደች። መሰደብ ሥራዋ ነው፤ ትችልበታለች። ሰውዬው አልተሳደቡም። መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉ።

«ይሄ ነገር ማኅተም ይመታበታል?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«የዩኒቨርሲቲው ማኅተም። ከተፈረመ በኋላ ሰነድ ይሆናል?»

«ይ... ይሆናል። ፋይል ውስጥ ይገባል።»

«ኮፒ ይሰጠኛል?»

ያሰቡት ገባትና ፊቷ ነደደ። «ጋሼ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ልጄ አንብባው ልታምን ትችላለች። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ በሩንም አትከፍትልኝም። ወረቀት ግን ወረቀት ነው።»

«እርስዎ እኮ ውሸት ላይ ፈርመው አያውቁም።»

«እና?» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞሩ። «አንቺ ዋሽተሽ ልታልፊ፣ እኔ እውነቴን ታቅፌ ልቅር?»

ይህን የሚመልስ ትምህርት ቅዳሜ ከሰዓት አልተሰጠም። ሽማግሌው የእሷን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ስማቸውን ሙሉውን ጽፈው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ቀስ ብለው ፈረሙ። ከሥሩ «የሠልጣኟ ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር አለ። እሱን በኋላ እፈርማለሁ አለች። ኮፒ አስነሧት። ዋናውን ለእሷ ትተው ኮፒውን ከሃያ ሁለቱ ገጽ ጋር በፋይላቸው ውስጥ አሰሩ።

«አመሰግናለሁ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። ከሁሉም ያቃጠላት ይህ ምስጋና ነው።

ሐሙስን ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ አሳለፈችው። እናቷ «ላክሽው?» አለቻት ጠዋት። «ላክሽው?» አለቻት ማታ። ሳይኮ «የኔ ፊርማ ይቀራል» አለች። እህቷ «እና ፈርሚዋ፣ እጅሽ ተሰበረ?» አለቻት። ያልተሰበረ እጇን አየችው። ያለ ፊርማው ዓመቱ ይደገማል፤ ከፈረመች ሦስት ሰው ደስ ይለዋል። ማንም አይጎዳም። ይህን ለራሷ ስትደጋግመው ዋለች፤ በደገመችው ቁጥር ትንሽ እየበለጠ የሌባ ንግግር መሰላት።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፈጣን ማይኩን በመዳፏ ሸፈነችና ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተጠጋቻት። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«አንቺን ነው። የአባ ጠብታ ልጅ ነኝ ትላለች።»

ሳይኮ ጥሪውን ተቀበለች።

«ሳይኮሎጂ የምትማሪው አንቺ ነሽ?» አለች የሴት ድምፅ፣ ሻካራ፣ ያልተኛች ሴት ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ ትናንት ከሥራ ስገባ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፋይል ሰጠኝና ምንም ሳይል ሄደ። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ምልክት አድርጎበታል። አነበብኩት፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።» ተነፈሰች። «ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ወደ እሱ ልሄድ ነው። ግን መጀመሪያ ካንቺ አፍ ልስማው። ወረቀት ሁሉን ይችላል። አልቅሷል?»

አንድ ቃል ነው። «አዎ» ብትል ሴትዮዋ ትሄዳለች፣ ሽማግሌው በር ይከፍታሉ፣ መምህርቷ ፊርማውን ያገኛሉ፣ እናቷ ለጎረቤት ታወራለች። ሳይኮ አፏን ከፈተች። «አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀላል፣ ለስላሳ፣ እሷ እንደጻፈችው ሁሉ የተዋበ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። በዚህ ቃል ላይ ነው ከእንግዲህ አባቷን የምታይበት ዓይን የሚቆመው፤ ቃሉን የፈጠረችው ደግሞ እሑድ ዕለት ቶሎ ጨርሳ ለመገላገል የቸኮለች አንዲት ልጅ ናት።

«አባትዎ የነገሩኝን ለማውራት ፈቃድ የለኝም» አለች። «የኔን ግን ልንገርዎት። ገጽ አሥራ ሰባትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ጥሪ አልነበረም። ያን ጊዜ እሳቸው ሲደውሉ እኔ አላነሳም ነበር።»

ፈጣን መተየቧን አቁማለች።

«እሱ ያውቃል?» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ።

«አንብበውታል። ነግሬያቸዋለሁም።»

«አንብቦ ነው የፈረመው?»

«አዎ።»

«ውሸት መሆኑን እያወቀ? አባቴ?»

«አዎ። የፈረሙት ግን በኔ ጥፋት ነው። እኔ ባልጽፈው ኖሮ...»

«ያንቺን ተይው» አለች ሴትዮዋ። ሳቅ የሚመስል፣ ሳቅ ያልሆነ ድምፅ አሰማች። «አንቺ ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? በሰው ሐዘን ላይ ቁጭ ብለሽ ነጥብ ትለቅሚያለሽ?»

ሳይኮ የተማረችው ሁሉ ጠፋባት። መልሳ አልተናገረችም፣ አልመከረችም። ዝም ያለችው ግን ዘዴ ስለሆነ አይደለም።

«ልሂድና ራሱን ልጠይቀው» አለች ሴትዮዋ፣ ዘጋችም።

ሄዳ ይሆናል፣ ሳትሄድም ቀርታ ይሆናል። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። ሳይኮ ቁጥራቸው አላት፤ መደወል ግን የእሷ መብት እንዳልሆነ ገብቷታል።

በምሳ ሰዓት ለመምህርቷ ጻፈች። አራት ክፍለ ጊዜ ለመፍጠር ሁለት እሑድ የበቃት ልጅ አራት መስመር ለመጻፍ ሙሉ ሰዓት ፈጀባት። ስድስቱ እውነት ናቸው፣ አራቱን ፈጥሬያቸዋለሁ፣ ሰውዬው ሳያውቁ ነው የጀመርኩት፣ ፊርማውን አልልክም። መልሱ ከሰዓት መጣ። «ዓመቱን ትደግሚያለሽ። የዲሲፕሊን ኮሚቴም ይጠራሻል። ለክፍሉ ያነበብኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ነገ ለክፍሉ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።» ሌላ ምንም የለም።

ተናገረች፤ የቁም ሳጥኑን በር ተደግፋ፣ ካሜራዋን ከፍታ። በዚህ ጊዜ የሚያጨበጭቡ እጆች አልነበሩም። አንድ በአንድ ተማሪዎቹ ካሜራቸውን ዘጉ፤ እንዳያሳፍሯት ይሁን ሊያዩዋት ጠልተው አላወቀችም። እህቷ ያን ቀን ጫማ ልትፈልግ አልገባችም።

እናቷ ማእድ ቤት ጠበቀቻት።

«ሰምቼሻለሁ» አለች። «ለሰዉ ምን ብዬ ልንገር?»

«የሆነውን ንገሪያቸው።»

«አብደሻል? ልጄ ዋሽታ ተያዘች ልበል?»

«አልተያዝኩም፣ እማዬ። ራሴ ነኝ የተናገርኩት።»

«ይሄማ ይብሳል!» እናቷ ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለችው። «ታማ ነው ያቋረጠችው እላለሁ። ትንሽ ደም ማነስ።»

«እንዳትይ።»

«እላለሁ። እኔ እናትሽ ነኝ፤ የምለውን አታዥኝም።»

እሑድ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሳይኮ ከፈተች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው፣ ሰው ሲታመም ማንም የማይቀድማት ልብስ ሰፊዋ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ቆማለች።

«እኔን ልጄ! ደም ማነስ ነው አሉኝ። ፊትሽም እኮ ነጥቷል።»

ከውስጥ የእናቷ እግር ሲሮጥ ይሰማል። ሳይኮ ፌስታሉን አልተቀበለችም።

«አልታመምኩም፣ እትዬ» አለች።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሴትዮዋ፣ ብርቱካኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውራ ወሬውን ሙሉውን ለመስማት በሩን ተደግፋ።